በመሳቢያ የተቆለፈ ብርሃን

ሕንፃ ሁለት ጊዜ ይፈርሳል። በመጀመሪያ ድንጋዩ ከድንጋዩ ሲለያይ፤ ዳግመኛም አይቶት የነበረው ትውልድ አልፎ መልኩን የሚያስታውስና የሚናገር ሲታጣ። ፎቶግራፍ ከመጀመሪያው ሞት አያድንም። ዝናምን፣ ጦርነትን፣ የመንገድ ሥራንና የባለሥልጣንን ትእዛዝ የሚገታ ኃይል የለውም። ሁለተኛውን ሞት ግን ሊከላከል ይችላል። ይህንንም የሚያደርገው ተነሥቶ ሲቀመጥ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ብዙ ዓይን ሲያየውና ብዙ አንደበት ሲከራከርበት ነው። የጉዞና የሕንፃ ፎቶግራፍ ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ ይህን ያረጋግጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎቶግራፍ ገና ሲወለድ ከሕንፃ ጋር የተሳሰረ ነበር። በ1839 የዳጌር ግኝት በፓሪስ ይፋ በሆነ ጊዜ፣ የሳይንስ ሰውና የሕዝብ እንደራሴ የነበረው ፍራንሷ አራጎ ለምክር ቤቱ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የግብፅ ሐውልቶች ጉዳይ ነው። በቴብስ፣ በሜምፊስና በካርናክ የተቀረጹትን ጽሑፎች በእጅ መገልበጥ የብዙ ሠዓልያንን የብዙ ዓመታት ድካም የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአዲሱ መሣሪያ ግን አንድ ሰው ሊወጣው እንደሚችል አስረዳ። የፈረንሳይ መንግሥትም መብቱን ገዝቶ ዘዴውን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ዓመቱ ሳያልቅ ጆሊ ደ ሎትቢኒዬር የተባለ መንገደኛ የአቴናን ፓርቴኖን በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አነሣው።

ይሁን እንጂ የዳጌር ሰሌዳ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ ቅጂ አይወጣለትም። ሌርቡር የተባለው የፓሪስ የመነጽርና የሌንስ ነጋዴ ከየአገሩ ያሰባሰባቸውን ሰሌዳዎች በመጽሐፍ ለማሳተም በፈለገ ጊዜ፣ በሥዕል ቀራጮች እጅ ማስገልበጥ ግድ ሆነበት። ቀራጮቹም ጭር ያለውን አደባባይ ለማድመቅ በሰሌዳው ላይ ያልነበሩ ሰዎችን ጨመሩበት። የፀሐይ ምስክርነት በሰው ምናብ ተበረዘ። በ1841 እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የወረቀት ኔጋቲቭ ዘዴውን ካስመዘገበ በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ሥዕል ማተም ተቻለ። በኤዲንበርግ ከተማም የሕግ ባለሙያዎችና ወዳጆቻቸው በ1840ዎቹ አንድ ክበብ አቋቁመው የሠሩትን በአልበም ማሰባሰብ ያዙ። ፎቶግራፍ ከአንድ ሰው ብልሃት ወደ ማኅበር ጉዳይ መሸጋገሩን የሚያመለክተው ይህ ነው።

በ1851 መጀመሪያ በፓሪስ የተመሠረተው የኤሊዮግራፊ ማኅበር ይህን መንፈስ ይበልጥ አጠነከረው። መንገደኛውን፣ የሳይንስ ሰውን፣ ጸሐፊውንና ሠዓሊውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አገናኘ፤ ታላቁ ሠዓሊ ኤዤን ደላክሯም ከአባላቱ አንዱ ነበር። የማኅበሩ ጋዜጣ «ላ ሉሚዬር» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም «ብርሃን» ማለት ነው። በዚሁ ጋዜጣ ላይ ጸሐፊው ፍራንሲስ ዌ ያሰፈረው አንድ ታሪክ የማኅበሩን ፋይዳ ከማናቸውም መተዳደሪያ ደንብ በተሻለ ያስረዳል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዲፕሎማቱ ባሮን ግሮ በአቴና አክሮፖሊስ ላይ ቆሞ አንድ ሰሌዳ አንሥቶ ነበር። ወደ ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ ከፊት ለፊት የተከመረውን የድንጋይ ፍርስራሽ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፣ በአንዱ ድንጋይ ላይ እባብ የሚበላ አንበሳ ተቀርጾ አየ። በሥፍራው ላይ ቆሞ ሳለ ፈጽሞ አላስተዋለውም ነበር። ካሜራው ባለቤቱ ያላየውን አይቷል፤ የታየው ግን ሥዕሉ ዳግመኛ በተመረመረ ጊዜ ነው። ግኝቱም የሁሉም ሀብት የሆነው ጉዳዩ ለማኅበርተኞች ተነግሮ በጋዜጣ ስለታተመ ነው።

በዚያው ዓመት ግን የዚህ ተቃራኒ ተፈጸመ። የፈረንሳይ የታሪካዊ ሐውልቶች ኮሚሲዮን አምስት ፎቶግራፍ አንሺዎችን መርጦ ጥገና የሚያሻቸውን ጥንታዊ ሕንፃዎች እንዲያነሡ ወደየክፍለ አገሩ ላካቸው። እነርሱም ኤዱዋር ባልዱስ፣ ኢፖሊት ባያር፣ ጉስታቭ ለ ግሬ፣ ኦጉስት ሜስትራልና አንሪ ለ ሴክ ነበሩ። ለ ግሬ በሰም የተነከረ ወረቀት የሚጠቀም ዘዴ ፈልስፎ ስለነበር፣ ወረቀቱን ከቀናት በፊት አዘጋጅቶ በጉዞ ላይ መያዝ ተችሎታል። ባልዱስ በአርል ከተማ የቅዱስ ትሮፊም ገዳምን የውስጥ መተላለፊያ በአንድ ኔጋቲቭ ማጠቃለል ቢሳነው፣ አሥር ያህል ኔጋቲቮችን አቀናጅቶ አንድ ሥዕል አወጣ። ለ ሴክ በምሥራቅ የሬምስንና የስትራስቡርግን ካቴድራሎች፣ ለ ግሬና ሜስትራል ደግሞ በደቡብ የካርካሶንን ግንብ ቀረጹ።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍጻሜ መሳቢያ ሆነ። ኮሚሲዮኑ ሥዕሎቹን ለራሱ የጥገና ሥራ እንጂ ለሕዝብ እይታ አልፈለጋቸውም፤ ተሰብስበው ሳይታተሙ ቀሩ። ያስከተለውን ጉዳት ለመገመት የካርካሶንን ሁኔታ ማየት ይበቃል። አርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ ከ1853 ጀምሮ ግንቡን አድሶ በማማዎቹ ላይ የሾጠጠ ጣሪያ ደፋባቸው። «ይህ የሰሜን ፈረንሳይ ጣሪያ እንጂ የደቡቡ አይደለም» የሚል ክርክርም ተነሣ። የግንቡን የቀድሞ መልክ የያዙት የ1851 ሥዕሎች በየአደባባዩ ቢታዩ ኖሮ፣ ክርክሩ በወሬና በግምት ሳይሆን በማስረጃ ላይ በቆመ ነበር። የሬምስ ካቴድራልም በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1914፣ በመድፍ ተመትቶ ሲቃጠል ለ ሴክ ያነሣው መልኩ ዳግም የማይገኝ ምስክር ሆነ። የአምስቱ ባለሙያዎች ሥራ በራሱ ስም በዐውደ ርእይ ለሕዝብ የቀረበው ግን በ1980 ነው።

ሥዕልን ማሰራጨት ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ የተሰራጨው ሥዕል በጥያቄ ዓይን መታየት አለበት። ማክሲም ዱ ካምፕ ከደራሲው ፍሎቤር ጋር ግብፅን ተጉዞ በ1852 ያሳተመው ባለ 125 ሥዕል መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሕንፃዎቹን ግዝፈት ለማሳየት ሐጂ ኢስማኤል የተባለውን ኑብያዊ መርከበኛ በየዓምዱ ሥር ያቆመው ነበር። እንዳይንቀሳቀስም የሌንሱ የናስ ቱቦ መድፍ ነው፣ ብትነቃነቅ ይተኮስብሃል እያለ ያስፈራራው እንደነበር ራሱ ዱ ካምፕ ጽፎታል። የአውሮፓ አንባቢ በሥዕሉ ውስጥ ያየው የድንጋዩን ቁመት ነበር፤ እንደ መለኪያ ዘንግ የቆመው ሰው ግን ሰው ሆኖ አልታየም። በሥዕል ላይ የሚደረግ ውይይት «ሕንፃው ስንት ክንድ ነው?» በማለት ብቻ ካቆመ፣ የቅኝ ገዢውን ዓይን እንዳለ መውረስ ይሆናል።

ኦጉስት ሳልዝማን በ1854 በኢየሩሳሌም ያነሣቸው ሥዕሎች ደግሞ ከክርክር የተወለዱ ነበሩ። ሊቁ ደ ሶልሲ ስለ ከተማይቱ ግንቦች ዕድሜ ያቀረበው ሐሳብ ተቃውሞ ስለገጠመው፣ ሳልዝማን ሐሳቡን በፎቶግራፍ ሊደግፍ ተጓዘ። የደ ሶልሲ የዘመን አቆጣጠር በኋላ ዘመን ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ሥዕሎቹ ግን ዋጋቸውን አላጡም። እውነተኛ ማስረጃ ያቀረበውን ሰው ሐሳብ እንኳ ለመሻር ያገለግላልና።

በእንግሊዝ አገር ይህ ሥራ ከሊቃውንት ክበብ ወጥቶ ወደ ተራው የካሜራ ወዳጅ ደረሰ። በ1875 «ኦክስፎርድ አርምስ» የተባለው የለንደን ጥንታዊ የመንገደኞች ማረፊያ ሊፈርስ በተቃረበ ጊዜ፣ ጥቂት ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው አስነሡት። ማረፊያው ከመፍረስ አልዳነም። ማኅበሩ ግን እስከ 1886 ድረስ 120 የለንደን ሥዕሎችን ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋር ለአባላቱ አዳረሰ። በ1889 ደግሞ መምህሩና የሥነ ምድር ተመራማሪው ጀሮም ሃሪሰን በበርሚንግሃም አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም የካሜራ ወዳጆች አውራጃቸውን ተከፋፍለው እንዲያነሡና ሥራቸውን ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስረክቡ ነው። ሰር ቤንጃሚን ስቶን በ1897 የመሠረተው አገር አቀፍ ማኅበርም ይህንኑ ፈለግ ተከትሎ በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ለብሪቲሽ ሙዚየም አስረከበ። ከሠራተኛው ሰፈርና ከፋብሪካው ይልቅ ወደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያንና ወደ መሳፍንቱ ቤት ማድላታቸው አይካድም። ቢሆንም ሥዕሉ መድረሻው የሕዝብ መደርደሪያ መሆን እንዳለበት ማሳየታቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታል። በ1906 በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጓድ፣ አርክቴክቱን ዳንኤል ክሬንከርንና ከአርክቴክትነቱ ጋር የፎቶግራፉን ሥራ የያዘውን ቴዎዶር ፎን ሉፕከን ያካተተ ነበር። ሐውልቶቹን፣ የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያንና የተዓካ ማርያምን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ለክተው፣ ነድፈውና አንሥተው ውጤቱን በ1913 በበርሊን በአራት ቅጽ አሳተሙ። ከዚያም የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ መጣ። የመኪና መንገድ በተዓካ ማርያም ፍርስራሽ ላይ አልፎ አብዛኛውን አጠፋው፤ ወድቆና ተሰብሮ የነበረው ታላቅ ሐውልትም በ1937 ወደ ሮም ተጋዘ። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 ዳግም ቆሟል። የተዓካ ማርያም ግን ሊመለስ አይችልም፤ ዛሬ መልኩን የሚናገሩት የ1906 ንድፎችና ሥዕሎች ናቸው።

እነዚህ ሥዕሎች እንደ ፓሪሶቹ በመሳቢያ አልተቆለፉም፤ ታትመዋል። ነገር ግን በባዕድ ቋንቋና በውድ ጥራዝ መታተምም ሌላ ዓይነት ቁልፍ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን የጓዱን ሥራ በእንግሊዝኛ አሰናድቶ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ጋር በ1997 እስኪያወጣው ድረስ 84 ዓመታት አለፉ። የአክሱም አዛውንት ያን ሥዕል በጊዜው አይተውት ቢሆን ኖሮ፣ የትኛው ድንጋይ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ፣ ከበስተ ኋላ የሚታየው ቤት የማን እንደነበረ በተናገሩ ነበር። ሊቁ የለካውን ድንጋይ የአገሬው ሰው በስሙ ያውቀዋል። ሁለቱ ዕውቀቶች የሚገናኙት ሥዕሉ በመካከላቸው ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ዛሬ ካሜራ በየኪሱ ገብቷል፤ ሥዕል የሚታጣበት ዘመን አልፏል። የሚታጣው ውይይቱ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ የከተማውን አሮጌ ቤት ሲያስነሣ፣ የባህል ባለሙያው መስክ ወጥቶ ሲመለስ፣ ሠዓሊው ከጉዞው የሰበሰበውን ሲዘረጋ፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማን አነሣው? በየትኛው ዓመት? ከየት ቆሞ፣ ወዴት ዞሮ? ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው? በዚያ ቤት የኖረው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ተጠይቀው መልሳቸው በሥዕሉ ጀርባ እስካልተጻፈ ድረስ፣ አሮጌው ቤት በፈረሰ ማግስት ሥዕሉ ስም የሌለው ግድግዳ ይሆናል።