የወርቅ ጽዋ የተባለችው አበባና የስሟ ታሪክ

በአሜሪካ ምዕራብ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ባለችው በካሊፎርንያ አገር ዝናም የሚዘንመው በብርዱ ወራት ነው። ዝናሙ አልፎ መጋቢትና ሚያዝያ በደረሱ ጊዜ ኰረብታውና ሜዳው ብርቱካን በመሰለ ቀለም ይሸፈናል። መሬቱን እንዲህ የምታለብሰው አራት ስስ ቅጠል ያላት አንዲት የዱር አበባ ናት። እስጳንያውያን «ኮፓ ዴ ኦሮ» አሏት፤ የወርቅ ጽዋ ማለት ነው። ደግሞም ሰማይ ሲደምንና ፀሓይ ስትጠልቅ አበባዋን ጠቅልላ ስለምትዘጋ «ዶርሚዴራ» ብለዋታል፤ እንቅልፋሟ እንደ ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ስሞች አይተው ያወጧቸው ስሞች ናቸው። ሊቃውንተ ዕፀዋት በመጽሐፋቸው የጻፉላት ግን «ኤሽሾልዚያ ካሊፎርኒካ» የሚል ነው፤ ለአፍ የሚከብድ፣ ስለ መልኳም ስለ ጠባይዋም አንዳች የማይናገር ስም ነው።

የዚህ ስም ነገር እንዲህ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1815 ዓመት የመስኮቡ መስፍን ኒኮላይ ሩሚያንጸፍ በገንዘቡ «ሩሪክ» የተባለች ትንሽ መርከብ አሠርቶ በሰሜን በኩል የባሕር መንገድ እንድትፈልግ ላከ። አለቃዋ ኦቶ ፎን ኮትዘቡ ነበረ። ከተሳፈሩት መካከል አዴልበርት ፎን ሻሚሶ የሚባል ባለቅኔና የዕፀዋት ተመራማሪ ነበረበት። ይህ ሰው በ1781 በፈረንሳይ ከመኳንንት ወገን ተወለደ፤ ወላጆቹ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ በተነሣ ጊዜ ስለ ተሰደዱ በበርሊን አድጎ በጀርመን ቋንቋ ጻፈ። በ1814 ያሳተመው መጽሐፍ ጥላውን ስለ ሸጠ ሰው የሚናገር ነው፤ ብዙ አንባቢዎችም አገር ያጣውን የደራሲውን ሕይወት በዚያ ውስጥ አይተዋል። የመርከቧ ሐኪም ደግሞ ዮሐን ፍሪድሪኽ ኤሽሾልትስ ነበረ፤ እርሱም በ1793 በዶርፓት ከተማ የተወለደ ወጣት ነው። ሁለቱ በጠባቧ መርከብ ውስጥ ተዋደዱ።

ሩሪክ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰችው በ1816 ነው፤ ቀኑ በኛ አቈጣጠር መስከረም 23 ቀን 1809 ዓ.ም. ይውላል፤ ጥቅምት 23 ቀን ተነሥታ ሄደች። በኛ አገር ይህ ወራት አደይ የሚፈካበት፣ ከመስከረም 26 ጀምሮም ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ነው። በዚያ ግን ዝናም ገና አልጀመረም፤ ሻሚሶ በኋላ እንደ ጻፈው፣ በጸደይ የአበባ ገነት ይመስላል የተባለው አገር ለእርሱ ደርቆ የሞተ መስክ ሆኖ ቈየው። ሆኖም ከዚያ ደረቅ መስክ ለቅሞ ካመጣቸው ዕፀዋት አንዲቱ ይህች ጠንካራ አበባ ነበረች። በ1820 ባሳተመው ጽሑፍ በወዳጁ ስም ሰየማት። ከስሙ ግን «ት» የምትሰማውን ፊደል ጣለ፤ የሊቃውንተ ዕፀዋት ሕግ በመጀመሪያ የታተመውን ስለሚያጸና ፊደሏ ሳትመለስ ቀረች። (ሠራዊቱን ሠ በእሳቱ ሰ የለወጠ ጸሓፊ በመምህሩ ዘንድ እንዲህ አይታለፍለትም።) ኤሽሾልትስም በ1826 ከግብጦ ወገን የሆነ አንድ የካሊፎርንያ ተክል በሻሚሶ ስም ጠርቶ ብድሩን መለሰ። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰሙ አበባ፣ ወርቁ ወዳጅነት ነው።

ይሁን እንጂ ስም የማውጣት መብት የማን ነበረ? የአገሩ ነባሮች የኦሎኔ ሰዎች ነበሩ። የካሊፎርንያ ነባሮች የአበባዪቱን ቅጠል አብስለው ይበሉ፣ ሥሯንም ለጥርስ ሕመም ያደርጉት ነበር። ፍራንሲስካውያን መነኮሳት በ1776 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቤተ ክርስቲያን አቁመው እነዚህን ሰዎች እየሰበሰቡ ያጠምቁ፣ በእርሻም ያሠሩ ነበር፤ ሕዝቡም ከባሕር ማዶ በመጣ በሽታ ያልቅ ነበር። ሻሚሶ ይህን አይቶ መነኮሳቱን ነቀፈ፤ የተላኩለትን ሕዝብ ይንቃሉ፣ ታሪኩንና ልማዱን ቋንቋውንም ለማወቅ የደከመ የለም አለ። ነቀፋው በሁሉ ላይ አይጸናም፤ በሳን ህዋን ባውቲስታ የነበረው አባ ፌሊፔ አሮዮ ዴ ላ ኩኤስታ የሙትሱንን ሰዎች ቋንቋ ሰዋስው ጽፏል። በብዙዎቹ ላይ ግን ተግሣጹ እውነት ነው፤ ለማንኛውም ሰባኪ የሚያሳፍር እውነት ነው። የሚያሳዝነው፣ እንዲህ የገሠጸው ሰው ራሱ ለአበባዪቱ ያወጣው ስም ከነባሮቹ አፍ የተገኘ አለመሆኑ ነው።

ዘሯን በ1820ዎቹ ዳቪድ ዳግላስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ወደ ለንደን ላከ፤ ከዚያም በኤውሮፓ አትክልት ቦታ ሁሉ ገባች። የሚያበቅላት ሰው ሊያውቀው የሚገባው፣ ሥሯ እንደ ካሮት ቁልቁል ስለሚወርድ ነቅሎ ማዛወርን አትወድም፤ ዘሯን በምትኖርበት ቦታ ላይ መዝራትና በስሱ አፈር ማልበስ ይገባል። ፀሓይ የሚመታው ጭንጫና አሸዋማ መሬት ይስማማታል። ፍግ የበዛበት መደብ ቅጠሏን ያበዛል እንጂ አበባዋን አያበዛም፤ ውሃ የሚቋጥር መሬትም ሥሯን ያበሰብሰዋል። ብርድ በማይጸናበት አገር ዓመት አልፋ ታቈጠቍጣለች፤ በጸናበት ግን ሞታ ከወደቀው ዘሯ ትነሣለች። እምቡጧ እንደ መነኵሴ ቆብ ሹል ሽፋን ደፍቶ ይቈይና ሲፈካ ቆቡን ይጥላል። ዘር የያዘው ቀጭን ረጅም ልባስ ሲደርቅ በድንገት ተሰንጥቆ ጥቃቅኑን ዘር ከእናቱ አርቆ ይበትነዋል፤ ስለዚህ አትክልተኛው ዘር መያዝ ቢፈልግ ልባሱ ሳይፈነዳ ቀድሞ መልቀም አለበት።

ካሊፎርንያ በ1903 በሕግ የአገሪቱ አበባ አደረገቻት፤ ሕጉን ያረቀቀችው ሣራ ፕላመር ሌሞን የምትባል የዕፀዋት ተመራማሪ ናት። ዘሯ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ወደ ቺሌ ተሻግሮ ነበር። በዚያ የተከሏት ለጌጥ ነበር፤ እርሷ ግን ከአጥር ወጥታ የባቡር ሐዲዱንና የመንገዱን ዳር ይዛ ተስፋፋች፤ ዛሬም በዚያ አገር ቁመቷ በትውልድ አገሯ ካለችው ይረዝማል፣ ዘሯም ይበዛል።