የጣና ዓሦች፦ አደጋው የሚያይለው በወንዞች አፍ ነው

ጣና ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች መኖሪያ ነው። ላቢዮባርበስ በሚል ሳይንሳዊ ስያሜ የሚታወቀው የዓሣ ወገን በሐይቁ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ እንዳይወጣ ስለሚያግድ፣ ዝርያዎቹ ከሌሎች ተነጥለው በዚያው ተፈጥረዋል። ግማሽ ያህሉ ሌሎች ዓሦችን አድነው ይመገባሉ፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ወገን ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው።

ለምን ለአደጋ ተጋለጡ?

ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች እንቁላል የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ተጉዘው፣ ኦክስጅን የበዛበት ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ከጉዞው አስቀድሞ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ የአስጋሪዎች መረብም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው።

የአካባቢው ሰዎች ለዘመናት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ሳይርቁ ያሰግሩ ነበር። እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በ75 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የጫጩቶቹ ቁጥር ከዚህም በላይ፣ በ90 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሏል፤ ይህም ዓሦቹ ራሳቸውን መተካት እንደተሳናቸው ያመለክታል።

ሌሎች ጫናዎችም አሉ። ከተራቆቱ ተዳፋት የሚታጠበው ደለል እንቁላል የሚያርፍበትን ጠጠር ይሸፍናል። የአሸዋ ቁፋሮ፣ ለመስኖ የሚሳብ ውኃና በገባር ወንዞቹ ላይ የሚሠሩ ግድቦች የዓሦቹን መንገድ ያውካሉ። ከ2011 ወዲህ የታየው የእምቦጭ አረምም የሐይቁን ዳርቻ ወሯል።

ምን ተደረገ? ምንስ ይቀራል?

በ2003 የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ወጥቷል። ዩኔስኮም በ2015 ጣናንና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። የዘርፉ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ የሚያቀርቡት ምክር ግን ውስን ነው፦ ዓሦቹ እንቁላል በሚጥሉባቸው ሳምንታት በወንዞቹና በአፋቸው ማስገር ይቁም።

ይህ ከሐይቁ ስፋት አንጻር ጥቂት ቦታና ጥቂት ጊዜ ነው። ሆኖም ዓሣው በአንድ ስፍራ የሚሰበሰብበት ወቅት ለአስጋሪውም የተሻለ ገቢ የሚያገኝበት ነው። በመሆኑም እገዳው የሚከበረው ቁጥጥር ሲኖርና አስጋሪው በእነዚያ ሳምንታት ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሌላ መንገድ ሲያገኝ ነው። በጣና የጠፋን ዝርያ ከሌላ ሐይቅ አምጥቶ መተካት አይቻልም።