ከሁዳድ የተወለደ ቃል

«ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያበረከተው መሐንዲስ ሳይሆን ጸሐፌ ተውኔት መሆኑን ያወቅሁ ዕለት ተደንቄ ነበር። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ለሰው ሠራሽ ሎሌዎቹ ስም ሲያወጣ፣ በወንድሙ በዮሴፍ ምክር «ሮቦታ» ከሚለው ቃል ወሰደ። ሮቦታ ገባር ለባለርስቱ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የእኛው ሁዳድ መሆኑ ነው።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር በአሪዞና፣ በፊኒክስ ከተማ የሚገኘው የካርል ሄይደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሮቦት ቡድን ትዝ ይለኛል። በሁለት መምህራን የሚመሩ፣ ከሜክሲኮ የመጡና የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው አራት ተማሪዎች ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ጠላቂ ሮቦት ሠሩ። ውድድሩ ሲቃረብ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኑ ውኃ ቢያስገባባቸው እርጥበቱን በሴቶች የወር አበባ መጠበቂያ አስመጠጡት። እ.ኤ.አ. በ2004 በሳንታ ባርባራ በተደረገው ውድድር የስመ ጥሩውን ኤም.አይ.ቲ. ቡድን ቀድመው አንደኛ ወጡ።

በግዴታ ሥራ የተሰየመው ነገር በእነዚህ ልጆች እጅ የፈቃድ ሥራ ሆነ። የመኖሪያ ፈቃድ ግን አላስገኘላቸውም። ከአራቱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 በምሕንድስና ከተመረቀ በኋላ ሕጋዊ ለመሆን ሲል ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ፤ ቪዛ አግኝቶ ባለቤቱንና ልጁን የተቀላቀለው በ2010 ነው።

ዋንጫውን ሳስብ እኔን የሚታየኝ ያ አንድ ዓመት ነው።