ስለ ዉ-ታንግ ክላን የፊተኛና የኋለኛ ድምፅ

የኒው ዮርኩ የራፕ ቡድን ዉ-ታንግ ክላን በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከኩንግ ፉ ፊልም የተቀዳው ንግግር እንደ አሮጌ ሸክላ ይንኮሻኮሻል። ብዙዎች ከኋለኛው ለስላሳ ሥራ ይህን ይመርጣሉ፤ የእኛም ልብ ወደዚሁ ያደላል። ነገር ግን ምክንያቱ ሻካራነቱ ነውን? (ገንዘብ አንሷቸው ስለ ነበር ሁሉም በምርጫ የመጣ አይደለም።) የጎደለው ስምምነት ይመስለናል። አቀናባሪው ሪዛ ለአምስት ዓመት ሙሉ ሥልጣን እንዲሰጡት ጓደኞቹን ጠይቆ ፈቅደውለት ነበር። በ1995 በዚሁ ሥልጣን ያቀናበረው የሬክዎን አልበም ከፊተኛው ይልቅ የተኳለ ነው፤ አድማጭ ግን እጅግ ወደደው። በ2007 «ኤይት ዳያግራምስ» በተባለው አልበም ጊታር ቢያስገባ ሬክዎንና ጎስትፌስ ኪላ በአደባባይ ተቃወሙት። ያን ጊዜ የአምስቱ ዓመት ውል ካለቀ ቆይቶ፣ እያንዳንዱም በየስሙ የታወቀ ሰው ሆኖ ነበር።