ጓደኛ የሌለው ፈረስ፦ የብቸኛ ፈረስ አያያዝ በደጋው ቤትና በቃላቱ ውስጥ የቀረ ታሪክ

1. መነሻ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በአማርኛ ቃል አያጣም። እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ያርሳሉ፤ ስምምነቱም መቀናጆ ይባላል። ጥማድ የሚለው ቃልም በአንድ ቀንበር የተጠመዱትን ሁለት በሬዎች፣ እነርሱም በቀን የሚያርሱትን መሬት አንድ ላይ ይጠራል። የበሬ ቋንቋ ከመነሻው የጥንድ ቋንቋ ነው። አንድ ፈረስ ብቻ ላለው ሰው ግን መቀናጆን የሚተካከል ቃል በተለመደው አማርኛ የለም። ፈረሱ ብቻውን ይታሰራል፣ ብቻውን ይቀለባል፣ ብቻውን ይጫናል፤ ቋንቋውም ይህን ብቸኝነት እንደ ጉድለት አይቆጥረውም።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ብቸኛ ፈረስ ታሪክ በቃላት በኩል ለመከተል ይሞክራል። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው። የደጋው ፈረሰኛ የጦር ፈረስ ከወገኑ ተለይቶ የኖረ እንስሳ ነበር። የጎደለውን ጓደኝነት የሞሉለት በቅሎ፣ ጠባቂውና ጌታው ነበሩ። ስለ ኑሮው በጽሑፍ የተረፈን ጥቂት ሲሆን፣ ዋናው ምስክር ዛሬ በየመዝገበ ቃላቱ ተበታትኖ የሚገኘው የፈረስ ቃላት ስብስብ ነው። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ነጥለን በመዘገብን መጠን በመካከላቸው ያለውን ዝምድና፣ ከእርሱም ጋር የአያያዙን ታሪክ እናጣለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

2. ከመንጋው የተለየው እንስሳ

ፈረስ በተፈጥሮው የመንጋ እንስሳ ነው። በነጻነት ሲኖር ባዝሮች ከውርንጭሎቻቸውና ከአንድ ድንጉላ ጋር በቡድን ይሰማራሉ። ሁለት ፈረሶች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላውን አንገትና ጀርባ በጥርሱ ያክካል፤ አንዱ ተጋድሞ ሲተኛ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩት ጥቂት ፈረሶች ይህንኑ የቡድን ኑሮ በአገራችን ምድር ያሳያሉ። ብቻውን የሚታሰር ፈረስ ይህ ሁሉ ይቀርበታል። ተጋድሞ የሚተኛበት ጊዜ ሊያጥር ይችላል፤ ባለበት ቆሞ ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፤ የጋጣውን እንጨት ይግጣል፤ መልስ ለማግኘት ደጋግሞ ያሽካካል።

የደጋው ሰው ፈረሱን ለብቻው ያኖረው ይህን ባለማወቅ አልነበረም። ምክንያቱ የአኗኗሩ ግዴታ ነበር። የጦር ፈረስ ገብስ ይበላል፤ ገብስ ደግሞ የሰውም እህል ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ፈረስ መጨመር ከቤተሰቡ ጎተራ ሌላ ድርሻ መክፈል ማለት ነው። ለጦር የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ወንዱ ሲሆን ባዝራይቱ ፈረስና በቅሎ ለማስወለድ ትቀር ነበር። ሁለት ድንጉላዎችን በአንድ ጋጣ ማሰር ደግሞ ጠብ መጋበዝ ነው። ለጥሪ ፈጥኖ መድረስ ያለበት ሰው ፈረሱን መስክ ለቆ ሊያሳድረው አይችልም፤ እጁ በሚደርስበት፣ ብዙ ጊዜም ራሱ በሚተኛበት ጣራ ሥር ያስረዋል። ጋጣ፣ ችካል፣ ገመድ፣ ልጓም፣ ኮርቻ፣ እርካብ፣ ግላስ፤ ከእነዚህ እያንዳንዱ ቃል አንድን እንስሳ ከአንድ ቦታ ወይም ከአንድ ሰው ጋር የሚያያይዝ ዕቃ ስም ነው።

ፈረሱ ከየት ተለይቶ እንደ መጣ ከሚጠቁሙት ቃላት መካከል የመልክ ስሞች ይገኛሉ። አማርኛ ተናጋሪው ፈረሱን ጉራቻ፣ ዳለቻ ወይም መጋላ ሲል በኦሮምኛ ጥቁርን፣ ግራጫንና ቡናማን በሚያመለክቱ ቃላት ይጠቀማል። ለጥቁር የራሱ ቃል ያለው ቋንቋ ለፈረስ መልክ ብቻ ጉራቻን መበደሩ የሚያመለክተው አለ። ፈረስ አርቢነትና ፈረሰኝነት የጸናበት የኦሮሞ ምድር ለአማርኛ ተናጋሪው ቤት ፈረስንም የፈረስንም ቃል ያቀብል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ እንስሳው መንጋውን ትቶ ሲመጣ በመንጋው መካከል የተለየበትን ስም ይዞ መጥቷል። እዚህ ላይ መስክ ለሚወጣ አጥኚ አንድ ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነው። በሐረር ፈረስ መጋላ የሚባለው ቦታ የፈረስ ገበያ ማለት ሲሆን፣ በዚያ ስም ውስጥ ያለው መጋላ ገበያን እንጂ መልክን አያመለክትም። ሁለቱን ቃላት በድምፅ መመሳሰል ብቻ ማገናኘት ያሳስታል።

3. በቅሎ፦ የእናት ወገን ጓደኛ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገሪቱ የተዘዋወሩ ብዙ መንገደኞች ያስተዋሉት አንድ ልማድ አለ። ባለ ማዕረጉ ሰው ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው በሰጋር በቅሎ ተቀምጦ ሲሆን፣ ፈረሱ ሳይጋለብ ከጎን ወይም ከፊት በጠባቂ እየተሳበ ይሄዳል፤ ፈረሱ ላይ የሚወጣው ለውጊያ፣ ለጉግስ ወይም ለክብር ነው። ልማዱ ዘወትር የሚብራራው ፈረሱ ለውጊያ ኃይሉን እንዲቆጥብ፣ ጌታውም በበቅሎ ምቾት እንዲጓዝ ነው በሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የልማዱ ሌላ ፍሬ ሳይጤን ቀርቷል። በጉዞም በቤትም ለፈረሱ ከሁሉ የቀረበ ዘመድ በቅሎዋ ነበረች።

በቅሎ ከወንድ አህያና ከባዝራ ትወለዳለች። የፈረስን ሽታና ድምፅ የምታውቀው ከእናቷ ጡት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህም ከፈረስ ጋር መዋልን ትወዳለች። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚለው ተረትና ምሳሌ ዘወትር የሚነገረው በትውልዱ በሚያፍር ሰው ላይ ለመሳለቅ ነው። ምሳሌው ቀልድ ይሁን እንጂ የዝምድና ቆጠራው ትክክል ነው፤ ፈረስ ለበቅሎ የእናት ወንድም ነውና። ተናጋሪው የእንስሳቱን ትውልድ በሰው የዝምድና ቃል ሲቆጥር፣ በአንድ ጋጣ የታሰሩትን ሁለት እንስሳት እንደ አንድ ቤተሰብ አስቧቸዋል።

የገመዱም ነገር በምሳሌ ተይዟል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። የተበጠሰው ገመድ ተቋጥሮ መልሶ ሲታሰር ያጥራል፤ ያጠረ ገመድም የመጋጫውን ክብ ያጠብበዋል። ይህ ምሳሌ ታስሮ የሚውል እንስሳ የሚኖርበትን ስፋት በክንድ እየለካ ከሚያስር ሰው አእምሮ የወጣ ነው። የዛሬው የከተማ ተናጋሪ ትርጉሙን አያጣውም፤ በገመዱ ርዝመትና በሣሩ መካከል ያለው ስሌት ግን ከእርሱ ዘንድ ጠፍቷል።

4. አንድ ፈረስ፣ አንድ ስም

ብቸኛው ፈረስ ከሰው ጋር የተቆራኘበት ትልቁ ማሰሪያ የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በጅማ አባ ጅፋር የሚለው ስም እንዲሁ ከአባ ጋር የተሠራ ነው። አባ በአማርኛ ጆሮ አባት ነው፤ በኦሮምኛ ግን አባ ከአባትነት ሌላ ባለቤትነትንም ይገልጻል። አባ ዳኘው በመጀመሪያው ስሌት የዳኘው አባት፣ በሁለተኛው የዳኘው ጌታ ይሆናል። ሁለቱም ትርጉሞች በሁለቱ ቋንቋዎች መገናኛ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የግድ አይደለም።

የስሞቹ ሰዋስው ከዚህ የበለጠ ይናገራል። ታጠቅና በዝብዝ ትእዛዝ አንቀጽ ናቸው፤ ሁለቱም ለአንድ ወንድ የሚነገሩ ናቸው። ነጋ ያለፈ ድርጊት ነው። ዳኘውና ቃኘው ደግሞ ሁለት ንባብ አላቸው፦ አንድም ለቅርብ ወንድ የተሰጠ ትእዛዝ፣ አንድም የሩቅ ወንድ የፈጸመው ያለፈ ድርጊት፤ ከተሳቢው አመልካች ጋር ሲጻፉም ሲነገሩም ሁለቱ አይለዩም። ትእዛዝ ከሆነ ሰሚው ማን ነው? ፈረሱ ከሆነ ጌታው በጠራው ቁጥር ሥራውን ያዝዘዋል። ጌታው ከሆነ ሠራዊቱና አዝማሪው በፈረሱ ስም ጌታውን ያዝዙታል። በሁለቱም ንባብ ተነጋጋሪዎቹ ሰውና አንድ ፈረስ ናቸው። ሌላ ፈረስ በዚህ ንግግር ውስጥ ቦታ የለውም።

ስሙ ፈረሱን እንዳከበረ ሁሉ ሰውሮታልም። ፈረሱ ሲሞት ወይም ሲያረጅ ስሙ ከጌታው ጋር ይቀጥላል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ፣ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የተሰለፉት መሪዎች በፈረስ ስማቸው ሲወደሱ እንሰማለን፤ በውዳሴው ውስጥ ግን የእንስሳው ዕድሜ፣ ሌሊቱን ከማን ጋር እንዳደረ፣ ማን እንደ ቀለበው አይነገርም። የጠባቂዎቹ አለቃ ማዕረግ ባልደራስ ዛሬ አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያውቀው በሰፈር ስምነቱ ነው፤ በደጋ ዳሞት ያለችው የፈረስ ቤት ከተማ ስምም እንዲሁ የፈረስን ማደሪያ ስም ይዞ ቆይቷል።

5. ብቸኞቹ ሲገናኙ

ብቸኛው ፈረስ ወገኑን የሚያገኝባቸው ቀናት ነበሩ፤ የጥምቀት ጉግስ፣ ዘመቻና ለቅሶ። በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው ይፈላለጋሉ፤ ዓመቱን ሙሉ በየጋጣው የታሰሩት እንስሳት በአንድ ሜዳ ይሰማራሉ። በለቅሶ የሟቹ ፈረስ ኮርቻና ግላሱን እንደ ለበሰ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በአስለቃሾች መካከል ይሳባል፤ አልቃሹም ሟቹን በፈረሱ ስም ይጠራል። ከሁሉ የቀረበ ጓደኛው የነበረውን ሰው ያጣውን ፈረስ ለጉባኤው ሁሉ ማሳየት፣ የሁለቱን ጓደኝነት በይፋ መመስከር ነበር።

ይህን መገናኘት ወደ ቋሚ ተቋም የለወጡት የአዊ ሰዎች ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሶች በዐድዋ ጦርነት የነበራቸውንም ድርሻ ይዘክራል። ፈረስ በአዊ ለበዓል ብቻ አይውልም፤ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሰው ያደርሳል። እያንዳንዱ ባለ ፈረስ ከየቤቱ ሲወጣ ማኅበሩ የፈረሰኞች ብቻ ሳይሆን የፈረሶችም ጉባኤ ይሆናል። የበሬ ባለቤቶች በመቀናጆ ያገኙትን፣ አገው ለፈረስ በማኅበር ሠርቶታል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የማኅበሩ የአገውኛ ቃላት፣ በተለይም ፈረሶች አብረው ሲሆኑ የሚነገሩት፣ በአማርኛ ለጎደለው ክፍል ማነጻጸሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

6. ከቃል ዝርዝር ወደ ጋጣው

ኢትዮጵያ ዛሬም በአፍሪካ ብዙ ፈረስ ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። የፈረሱ ሥራ ግን ተለውጧል። በብዙ ከተሞች አንድ ፈረስ አንድ ጋሪ ይጎትታል፤ ሲያረጅ ወይም ሲታመም በየአውራ ጎዳናው ዳር ተለቆ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ይህ ፈረስ እንደ ቀድሞው ብቸኛ ነው፤ በቅሎዋ፣ ባልደራሱና ስሙ ግን አብረውት የሉም። የድሮው አያያዝ ለብቸኝነቱ የሰጠው ማካካሻ ቀርቶ ብቸኝነቱ ብቻ ተወርሷል።

የቋንቋ አጥኚ ይህን ሊለውጥ አይችል ይሆናል፤ ማካካሻው ምን እንደ ነበር ግን ሊመዘግብ ይችላል። የተለመደው መጠይቅ ፈረስን፣ ባዝራን፣ ውርንጭላን፣ ልጓምን በየተራ ይጠይቅና ያልፋል። ከዚህ ጋር አብረው ሊጠየቁ የሚገባቸው አሉ። ፈረስ ብቻውን ሲታሰር ምን ይባላል? ከበቅሎ ጋር ሲታሰርስ? ማሽካካት የሚለው ግሥ የዶሮንም ድምፅ፣ የሰውንም ከፍ ያለ ሳቅ ያጠቃልላል፤ ፈረስ ያደገበት ሰው የናፍቆትን፣ የረኃብንና የማስጠንቀቂያን ድምፅ በተለያየ ቃል ይለያቸዋልን? ሌሊት ፈረሱ ሲረበሽ ጠባቂው ምን ብሎ ያባብለው ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች በቃላቸው ሊመልሱ የሚችሉት ፈረስ በቤታቸው ጣራ ሥር ሲያድር ያዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለው የመስክ ጉዞ መጠይቅ ከእነርሱ ቢጀምር ይመረጣል።