የውሃ ዕድሜ፦ ሮቶው ውስጥ ያለው ስንት ቀኑ ነው?

አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ውስጥ ስለ ውሃ ሲወራ የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ የመጠን ነው። «መጣ?» «ስንት ጀሪካን ሞላሽ?» «ሮቶው ባለ ስንት ሊትር ነው?» ያጠራቀምነው ስንት ቀኑ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። የውሃ መሐንዲሶች ለዚህ ጥያቄ «ዋተር ኤጅ» የሚባል ስም አላቸው፤ በአማርኛ «የውሃ ዕድሜ» ልንለው እንችላለን። ውሃው በማጣሪያ ጣቢያ ታክሞ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ሰው እስኪጠቀምበት ድረስ ያለፈው ጊዜ ማለት ነው። «ያደረ ውሃ» የሚለው የቤታችን አነጋገር ለሐሳቡ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሌሊት ያደረውንና ሦስት ሳምንት የከረመውን አይለይም።

ቆጠራው የሚጀምረው ከቤታችን ርቆ ነው። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች። ውሃው ክሎሪን ተጨምሮበት ይወጣና በየኮረብታው ባሉ ማጠራቀሚያዎችና በቧንቧ ውስጥ እየቆየ ይመጣል። ከ800 በሚበልጡ የአሜሪካ የውሃ ድርጅቶች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ውሃው በመሥመር ላይ የሚቆየው በአማካይ 1.3 ቀን፣ ሲበዛ ደግሞ 3 ቀን እንደሆነ ያሳያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ዕድሜው በዋናነት የሚጨምረው ውሃው ከቆጣሪው ካለፈ በኋላ፣ እኛው ግቢ ውስጥ ነው።

ቢጨምርስ ምን ይሆናል? ውሃ በራሱ አይበሰብስም። የሚያልቀው ክሎሪኑ ነው። ክሎሪን እንደ ተረኛ ዘበኛ ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይሄዳል፣ በሩ ግን ክፍት እንደሆነ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከቧንቧ ላይ ሲቀዳ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። ይህን ቀሪ ሙቀትና ብርሃን ይቀንሱታል፤ ዝገት፣ ዝቃጭና በሮቶው ግድግዳ ላይ የሚይዘው የሚያሟልጭ ሽፋን ደግሞ ይበሉታል። ከዚያ ወዲያ ጆግ ይዞ የገባ እጅ የሚያመጣውን ጀርም የሚከላከል ነገር የለም። በደንብ ታክሞ በታጠበና በተዘጋ ዕቃ የተቀመጠ ውሃ ብዙ ቀን ቆይቶም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የቀኑ ብዛት ብቻውን መርዝ አያደርገውም። ዕድሜው የሚነግረን ጥበቃው ምን ያህል እንደሳሳ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሮቶውን ሊትር በቀን ለሚያልቀው ሊትር ማካፈል ብቻ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለእያንዳንዱ 50 ሊትር ቢያወጣ በቀን 250 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለስምንት ቀን፣ ባለ 5,000 ደግሞ ለሃያ ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። አቅም ያለው ሰው ሮቶ ሲገዛ ትልቁን ይመርጣል፣ ጎረቤትም ያደንቃል። እኔ ግን ፈረቃው በየሦስት ቀኑ ለሆነ ለዚህ ቤት 1,000 ሊትር በቂ ነው እላለሁ፤ ውሃ በተደጋጋሚ ቀጠሮውን የሚያፈርስ ከሆነ ትንሽ መጨመር ይቻላል። ከዚያ የተረፈው ሊትር የሚጨምረው ዕድሜ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በብዙ ቤት ቧንቧው የሚዘረጋው የመሥመሩ ውሃ ሲኖር በቀጥታ ወደ ቤት እንዲገባ፣ ሲጠፋ ብቻ ሮቶው እንዲተካ ተደርጎ ነው። ዘዴው ብልህ ይመስላል። ውጤቱ ግን ውሃ እምብዛም በማይጠፋበት ሰፈር ያለው ሮቶ ለሳምንታት ሳይነካ ይከርምና ውሃ በጠፋ ዕለት ከሁሉ ያረጀው ይቀዳል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሁሉም ውሃ በሮቶው በኩል እንዲያልፍ አድርጎ ሊያዞረው ይችላል። ያ ካልሆነ በሳምንት አንዴ መሥመሩን ዘግቶ የሮቶውን ውሃ ለልብስ አጠባና ለሽንት ቤት ማዋል ነው። መግቢያውና መውጫው በአንድ ጎን ተጠጋግተው ከተገጠሙም አዲሱ ውሃ ገብቶ ወዲያው ይወጣል፣ ማዶ ያለው ግን ባለበት ይከርማል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ምድር ላይ አንድ፣ ጣሪያ ላይ ሌላ ማጠራቀሚያ ካለ የሁለቱ ዕድሜ ይደመራል።

በርሜልስ? የበርሜል ችግር መደረቡ ነው። ግማሽ ሲደርስ አዲስ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይጨመርበታል፤ የታችኛው ዝቃጭ ግን እስከ በዓል ሰሞን አይነካም። ክዳን ከሌለው በቆላ ከተሞች ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ወረርሽኝ ያስነሳውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪበር ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ይበቃዋል። እዚያ በየሳምንቱ በርሜሉን ባዶ አድርጎ ማሸት የትንኟን ዕድሜ መቁረጥ ነው።

የውሃ ዕድሜ የከተማ ሮቶ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በመኪና የሚጎተት ቤት ይዘው የሚጓዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ውሃቸውን መሬት ላይ በሚንከባለል የ40 ሊትር በርሜል ይቀዳሉ። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ውሃው ወጣት ነው። እነሱን የሚያስቸግራቸው ጉዞው ሲያበቃ ታንኩንና ቱቦውን ባዶ ሳያደርጉ ለወራት ማቆማቸው ነው።

የመጠጡን ከሌላው መለየት ያዋጣል። አዲስ ውሃ በመጣ ዕለት በታጠበና አፉ በጠበበ ጀሪካን ለመጠጥ ይቀዳ፤ የሮቶው ለሌላው ሥራ ይዋል። «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ የሚጨምር ሰው መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አይቶ፣ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቆ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጨርሰው ይመረጣል። አፍልቶ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ግን የፈላ ውሃ ክሎሪኑ ስለሚተን ከቀዘቀዘ በኋላ ለሚገባበት ነገር መከላከያ የለውም። ትላንት የፈላውን ዛሬም ጣሳ እየነከሩ መቅዳት የማፍላቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

ሮቶ ሲታጠብ መጀመሪያ ዝቃጩ ይወጣል፤ መውጫው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል እዚያ የቀረው ውሃ በራሱ አይፈስም። ግድግዳው በብሩሽ ከታሸ በኋላ ሮቶው ይሞላና ለ1,000 ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና አንድ ሊትር ይገባበታል። ይህ በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ይሰጣል። በረኪናው ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። 24 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያም የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ተከፍቶ ይታጠባል። አንድ ሺህ ሊትር ድፍት አድርጉ ብል አብነት ላይ የሚሰማኝ የለም፤ ስለዚህ የበረኪናው ውሃ ለሽንት ቤትና ለወለል ይዋል፣ ባለቀለም ልብስ ግን አይንካው። ሥራው የሚጀመረው ሮቶው ሊያልቅ ሲል፣ ፈረቃው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነው አስቀድሞ በጀሪካን ይቀመጣል። የታጠበበት ቀንም ክዳኑ ላይ በማርከር ይጻፍ።