ታቦት፥ ሠፈርና ኳስ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ ታሪክ

የሕዝብን አኗኗር የሚመረምር ሰው ስለ ጋብቻና ስለ ለቅሶ፥ ስለ ርስትና ስለ ማኅበር ብዙ ይጽፋል፤ ስለ ጨዋታ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰብስበው አንድ ስም የሚይዙበት፥ ለዚያም ስም ሲሉ የሚደሰቱበትና የሚያዝኑበት አንዱ ስፍራ የጨዋታ ሜዳ ነው። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኖረው የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ ለዚህ ነገር የተመቸ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ክለብ በዕድሜው ውስጥ ሁለት ጊዜ ስሙን አጥቷል፤ ሁለት ጊዜም መልሶ አግኝቷል። እንግዲህ ከታሪኩ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ስሙን ያጣ ማኅበር ያው ማኅበር ሆኖ የሚኖረው በምን ኃይል ነው? የሚል ነው።

፩. የጥንቱ ጨዋታ

እግር ኳስ ከውጭ የመጣ ጨዋታ ነው፤ በሁለት ወገን ተከፍሎ አንዲት ኳስ ማሳደድ ግን ለኢትዮጵያ ደገኛ እንግዳ አይደለም። ከዋግና ከላስታ ደጋ አንሥቶ እስከ ሸዋ ድረስ በልደት በዓል ሰሞን ወንዶች ጫፉ የታጠፈ በትር ይዘው፥ ዕሩሯን ወደ ተቃራኒው ወገን እየለጉ ገና ይጫወታሉ። ወገኑ የሚለየው በሠፈር ወይም በአጥቢያ ነው፤ የተጫዋቹም ቍጥር የተወሰነ አይደለም። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ ጌታው በሎሌው በትር ቢነካ እንዳይቈጣ ልማዱ ያዘዋል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፥ ቡድን ማለት ሠፈር ማለት ነው። ሁለተኛ፥ የጨዋታው ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን በዓል ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛ፥ ሜዳው የማዕርግን ልዩነት ለጥቂት ሰዓት ያነሣል። የአዲስ አበባ ወጣቶች የውጭውን ኳስ በተቀበሉ ጊዜ እነዚህን ነገሮች ይዘው እንደ ገቡ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

፪. የአራዳ ልጆች

አራዳ የአዲስ አበባ ገበያና የንግድ መናኸሪያ ነበረ። ከገበያው አጠገብ የቆመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሰማዕቱ ወርኃዊ በዓል ዕለት ስለ ዋለና የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ስለ ዘመተ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ደብሩን በስሙ አሠሩ። ንግሥት ዘውዲቱና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው። ስለዚህ «ጊዮርጊስ» ለአራዳ ሰው የአንድ አጥቢያ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን የድልና የመንግሥት ማስታወሻም ነበረ።

በዚያን ዘመን እግር ኳስን በከተማው ይበልጡን የሚጫወቱት አርመኖች፥ ግሪኮች፥ ኢጣልያኖችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ወደ ትምህርት ቤት ልጆች ተላለፈ። የፈረስ እሽቅድምድም፥ የሠራዊት ሰልፍና የጥምቀት በዓል የሚደረግበት ጃን ሜዳም የኳስ ሜዳ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች የአራዳን ልጆች አሰባስበው ቡድን አቋቋሙ፤ መጠሪያውንም ከደብሩ ወሰዱ።

ዘመኑን ልብ ማለት ይገባል። የፋሽስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገብቶ ነበር። ከዐድዋ ድል ወዲህ ዐርባ ዓመት ሆኖታል፤ ያው ጠላት ተመልሶ በመጣበት ዓመት የዐድዋን ታቦት ስም ለኳስ ቡድን ማውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ለሠፈሩ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

የአወጣጡም ሥርዓት ለአገሩ ሰው የታወቀ ነው። ጽዋ የሚጠጣ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም ይጠራል፤ አባሎቹ በወር በወሩ ይገናኛሉ፥ ያዋጣሉ፥ የታመመውን ይጠይቃሉ፥ የሞተውን ይቀብራሉ። የአራዳ ልጆች ያቋቋሙት ቡድን ጽዋ ባይኖረውም፥ በስሙ አወጣጥና በሠፈር ልጅነቱ ከዚህ ጥንታዊ ሥርዓት የራቀ አልነበረም።

፫. የመጀመሪያው የስም ነጠቃ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ እልቂት ወረደ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። በደብሩ አጠገብ የነበረው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነሣ። የዐድዋ መታሰቢያ የሆነ ነገር ሁሉ ከዓይን እንዲርቅ በተፈለገበት በዚህ ዘመን የልጆቹ ቡድን በስሙ ሊቀጥል አልቻለም። «ሊቶርዮ ውቤ ሠፈር» እንዲባል ተደረገ።

ይህ ስም ሊመረመር የሚገባው ነው። ሊቶርዮ በጥንታዊት ሮማ ሹማምንት ፊት ይያዝ ከነበረውና ፋሽስቶች ዓርማቸው ካደረጉት የበትርና የመጥረቢያ ነዶ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ውቤ ሠፈር ግን በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የተጠራ የአራዳ አካባቢ ነው። ገዢው በስሙ ራስ ላይ የራሱን ዓርማ አኖረ፤ በስሙ ጅራት ግን የኢትዮጵያዊው መኰንን ሠፈር ቀረ። ታቦቱ ከስሙ ሲወጣ ሠፈሩ አልወጣም፤ ቡድኑን ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቀው እርሱ ነበርና።

በሜዳውም የዘር ሕግ ተሠራበት። ኢጣልያኖች እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ኢትዮጵያውያንም ለብቻቸው። በገና ጨዋታ ሜዳው ማዕርግን ያነሣ ነበረ፤ በወረራው ዘመን ግን ሜዳው ራሱ የመለያያ ድንበር ሆነ። በዚያ ድንበር ውስጥ ያደጉት ተጫዋቾች ይህን አልረሱትም፤ ፍሬውም ከጊዜ በኋላ ከኢትዮጵያ ውጭ ሳይቀር ታየ።

፬. ከድል በኋላ

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ክለቡ ወደ ጥንት ስሙ ተመለሰ። ብዙም ሳይቈይ ፎርቲቱዶ ከተባለው የኢጣልያኖች ቡድን ጋር ገጥሞ አሸነፈ። ትናንት አብሮ መጫወት የተከለከለ ቡድን ዛሬ በአንድ ሜዳ፥ በአንድ ዳኛ፥ በአንድ ሕግ ሲገጥም ውጤቱ ከግብ ቍጥር በላይ የሚቈጠር ነበር።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተደረገ። የተሰለፉትም አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና በኢትዮጵያ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። የአገሬው ሰው በራሱ አገር ሻምፒዮና ከአምስት አንዱ ብቻ ነበረ፤ ስለዚህ የአራዳው ቡድን የአንድ ሠፈር ቡድን መሆኑ ቀርቶ የኢትዮጵያውያን ሁሉ ቡድን ሆኖ ታየ። የሠፈር ስም ወደ አገር ስም ያደገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁኔታ ግን ለዘለቄታው አልቈየም። በሚቀጥሉት ዓመታት የጦር ሠራዊቱ፥ የመሥሪያ ቤቶችና የፋብሪካዎች ክለቦች ተነሡ፤ ከኤርትራም ሐማሴንና አካለ ጉዛይ የተባሉት ቡድኖች ሻምፒዮን ለመሆን በቁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮና ድል ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ።

ከክለቡ ልጆች መካከል ስማቸው ከሁሉ የገነነው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የዘፈንና የግጥም ሰው የነበሩት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ፥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ዘመን ተጫወቱ፤ በ365 ግጥሚያ 318 ግብ እንዳገቡ ይነገርላቸዋል። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተባበረችውን የዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ እርሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ቀን ግብ ካገቡት አንዱም የክለቡ ተጫዋች አቶ መንግሥቱ ወርቁ ናቸው።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት መሥራቾቹ ኢትዮጵያ፥ ግብፅ፥ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ነገር የጸና አቋም ከያዙት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ፥ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ከዘር ልዩነት መንግሥት ጋር በሜዳ መገናኘትን ተቃወሙ። በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ ሜዳ በዘር መለየትን ያየ ትውልድ፥ ከኻያ ዓመት በኋላ በአህጉሩ መድረክ መልስ ሰጠ ማለት ይቻላል።

፭. ሁለተኛው የስም ለውጥ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ስፖርት በአዲስ ሥርዓት ተደራጀ፤ ክለቦችም በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ሥር እንዲሆኑ ተደረገ። የሰማዕት ስም ለዘመኑ አስተሳሰብ የሚስማማ አልነበረም። ክለቡ በአዲስ አበባ ቢራ ፋብሪካ ስም ይጠራ ጀመር፤ በ1970ዎቹ ማብቂያም በዚሁ ስም ሻምፒዮን ሆነ። ነገሩ ግን ምጸት ነበረበት፤ የፋብሪካው ቢራ ራሱ ከጥንት ጀምሮ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የሚታወቅ ነበርና። ስሙ ከበሩ ቢወጣ በጓሮ ተመለሰ። ኋላም ክለቡ የቀደመውን መጠሪያውን በግልጽ ያዘ።

ሁለቱ የስም ለውጦች አንድ ዐይነት አይደሉም። የመጀመሪያው የባዕድ ወራሪ ሥራ ነበረ፤ ሁለተኛው የአገር መንግሥት ማኅበራትን ሁሉ በአንድ መልክ ለመቅረጽ ያደረገው ነው። በሁለቱም ጊዜ ግን ተመልካቹ ቡድኑን በቀድሞ ስሙ መለየቱን አልተወም። የክለብን ስም በደብዳቤ መለወጥ ይቻላል፤ ደጋፊው በአፉ የሚጠራውን ስም ለመለወጥ ግን ደብዳቤው አይበቃም።

፮. የሌላ አገር ምሳሌ

ይህን ነገር በይበልጥ ለመረዳት በሩቅ አገር የሆነውን ማነጻጸር ይጠቅማል። በአውስትራልያ፥ በሜልቦርን ከተማ፥ ሞላላ ኳስ በእጅም በእግርም የሚመታበት፥ በያንዳንዱ ወገን 18 ሰው የሚሰለፍበት ለአገሩ ብቻ የሆነ እግር ኳስ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 የተመሠረተው የሜልቦርን ክለብ ሰዎች በ1859 ሕጉን ጻፉት። ከዚያ በኋላ የተነሡት ክለቦች አብዛኞቹ በሠፈራቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ በ1892 የተቋቋመውና የሠራተኞች መንደር ቡድን የነበረው ኮሊንግውድ ለዚህ ምሳሌ ነው።

በዚያ አገር ክለቦች ያጡት ቦታቸውን ነው። ሳውዝ ሜልቦርን የተባለው ክለብ ገንዘብ ስላነሰው በ1982 ወደ ሲድኒ ከተማ ተዛወረ፤ ቀይና ነጭ ቀለሙን ግን ይዞ ሄደ። ፊትዝሮይ የተባለው ደግሞ በ1996 ከብሪዝቤን ክለብ ጋር ተቀላቀለ። ያዘዋወራቸው ገበያ እንጂ ወራሪ ወይም አብዮት አልነበረም። በአዲስ አበባ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስሙ ሄደ፥ ሰውና ከተማ ቀረ። ከሁለቱ ምሳሌዎች አንድ ነገር ይገኛል። ክለብ ስም፥ ሠፈር፥ ቀለምና ሰው አለው፤ ከእነዚህ አንዱ ቢወሰድ በቀሩት ይይዛል፤ የተወሰደውንም በማስታወስ ይኖራል።

፯. ያሁኑ ዘመን

በኢትዮጵያ ከሚገኙት ታላላቅ ክለቦች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ካቋቋማቸው መሥሪያ ቤት ነው፤ መብራት ኃይል፥ ንግድ ባንክ፥ ኢትዮጵያ ቡና የተባሉት ስሞች ይህን ያሳያሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከታቦት በወሰደው ስም ከእነዚህ ይለያል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ፤ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ በ2014ና በ2015 ዓ.ም.ም እንዲሁ። በ2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ከምድብ ውድድር የደረሰ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ።

ደጋፊዎቹ ቡድኑን «ፈረሰኞቹ» ይሉታል፤ ይህም ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ከሚታይበት ሥዕል የመጣ ነው። «ሳንጆርጅ» የሚለውም የፍቅር መጠሪያው ነው። ይህን ስም እየጠራ የሚዘምረው ሕዝብ የአንድ ሃይማኖት ሰው ብቻ አይደለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ወንበር ተቀምጦ «ጊዮርጊስ» ይላል። የታቦቱ ስም በሜዳው ላይ የሃይማኖት መለያ ከመሆን ይልቅ የአብሮነት መጠሪያ ሆኗል። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚጋፉ፥ በዚህም ሜዳ ሌላ ልዩነት ለጥቂት ሰዓት ይነሣል።

እንግዲህ በመነሻው ለቀረበው ጥያቄ የሚገኘው መልስ ይህ ነው። ማኅበሩን ያኖረው በመዝገብ የተጻፈው ስም አይደለም፤ ስሙን ከአባቱ ሰምቶ ለልጁ የነገረው ሰው ነው። ገዢዎች በየዘመናቸው የጻፉለት ስሞች ከነገዢዎቹ አለፉ፤ የአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. ያወጡለት ስም ግን እስከ ዛሬ በሜዳው ይጠራል።